የሽምብራ ዓሣ ማንን አታለለ?

«ሥጋ መሰል የአትክልት ምግብ» በባዕድ ስም ተጠቅልሎ ሲመጣ በአድናቆት እንገዛዋለን፤ እናቶቻችን በጾም የሚጠብሱትን የሽምብራ ዓሣ ግን «የድኻ ማታለያ» እያልን እናፌዝበታለን። ማንን አታለለ? ዋኝቶ እንደማያውቅ ሕፃን እንኳ ያውቃል!

የሽምብራ ዱቄት፣ በርበሬ፣ የደቀቀ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ጥቂት ዘይት፤ ጠንከር አድርጎ ማቡካት፣ ጠፍጥፎ መጥበስ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በዓሣ አምሳል የሚቀረጸው ለዓይንም ድርሻው እንዲደርሰው ነው። ይህ ማታለል ከሆነ፣ ግጥምም ማታለል ነው።

በ2014 ዓ.ም. የመቐለ ባንኮች ተዘግተው እኔ የባንክ ሠራተኛው ያለ ደመወዝ ስቀመጥ፣ አንድ እፍኝ የሽምብራ ዱቄት ሀብት ነበር። ያን ጊዜ «ሐሰተኛ» ያለው አልነበረም። ዛሬ ደመወዝ ስለተመለሰ ምላሳችን ኮራ? እኔ ግን ነገ ጾም ባይሆንም ለቁርሴ መጥበሻዬን እጥዳለሁ፤ የሚያፍር ይፈር።