ሳይቃጠል በቅጠል፤ ሞተር ሲጮህ ሽቦ መቁረጥ ንግድ አይደለም

ጣና ላይ የሞተር ጀልባ ገዝቶ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ደቅ ደሴት ጎብኚና ተሳላሚ ማመላለስ የጀመረ ባለሀብት ገንዘቡን ያፈሰሰው በጀልባው ገላ ላይ ብቻ አይደለም። ገቢ የሚያስገኝለት ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተር ነው። ሞተሩ ከቆመ ጀልባው ውሃ ላይ የተኛ ዕቃ ነው፤ ቆሞ እየዋለም ወጪ አለው።

ይህ ሞተር ደግሞ አፍ አለው። ሲግል፣ ዘይት ሲጎድለው ወይም የዘይቱ ግፊት ሲወርድ ይጮሃል። በብዙ ሞተሮች ላይ ከጩኸቱ ጋር ፍጥነቱም በራሱ ይቀንሳል። ይሁንና ጩኸቱን እንደ በሽታ፣ ዝምታውን እንደ ጤና የሚቆጥር ነጂ አይጠፋም። ተሳፋሪው እንዳይደነግጥና ምልልሱም እንዳይቀር ተብሎ ሽቦው በፒንሳ ይቆረጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሒሳቡን ማየት ነው። የውሃ ፓምፑ ጎማ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ናት። እርሷን ባለመለወጥ የሚቃጠለው ግን ፒስተኑ፣ ፋሻውና ቴስታታው ነው። እነዚህ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን ነጋዴ የሆነ ሁሉ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ሞተር ማቃጠል የቀድሞው ዓይነት ኪሳራ አይደለም። ታዲያ ባለንብረቱ በሰው እጅ ከማደሩ በፊት የመጀመሪያውን ምርመራ ራሱና ነጂው ቢያውቁት ምን ይከፋል?

ሲጮህ ከየት ይጀመራል?

ቁልፉ ሲከፈት ለአፍታ ተሰምቶ የሚጠፋ ድምፅ በብዙ ሞተሮች ላይ የራስ ፍተሻ ስለሆነ አያስደነግጥም። በጉዞ ላይ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ነጂው ነዳጁን ቀንሶ ማርሹን ነፃ ያደርግና ወደ ኋላ ያያል። ከሞተሩ ጎን እንደ ቀጭን ቧንቧ የሚፈስ ውሃ አለ? ይህ ውሃ ፓምፑ መሥራቱን የሚያሳይ ምስክር ነው።

ውሃው ከቀረ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ መልሕቅ ይጣል፤ ቁልፉ ይነቀል። ከዚያ በኋላ ሞተሩን ወደ ላይ አንሥቶ ከታች ያለውን የውሃ መግቢያ ወንፊት ማየት ነው። ጣና ላይ ይህ ምርመራ ከሌላው ሁሉ መቅደም አለበት። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ በሐይቁ ላይ፣ በተለይም በሰሜንና በምሥራቁ ዳርቻ ተስፋፍቷል። የእምቦጭ ሥርና ቅጠል ወይም የተጣለ ፌስታል ወንፊቱን ከደፈነው የሐይቁ ውሃ ሁሉ በዙሪያው እያለ ሞተሩ በጥማት ይቃጠላል። ወንፊቱ ጸድቶ ውሃው ካልመጣ የማፍሰሻዋን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ መክፈት ነው። አሁንም ካልመጣ ተጠርጣሪው የፓምፑ ጎማ ነው። ያለ ውሃ ለአጭር ጊዜ እንኳ ከዞረ ይበላሻል፤ ሲያረጅም ክንፎቹ ይደርቃሉ፣ ይሰበራሉ። ሲለወጥ ስባሪዎቹ ተቆጥረው መገኘት አለባቸው፤ አንዷ በውሃ መንገድ ውስጥ ከቀረች አዲሱ ጎማም አያድነውም።

ውሃው በደንብ እየፈሰሰ የሙቀቱ ጩኸት ከቀጠለ ቴርሞስታቱ ይመርመር። ምርመራው የወጥ ቤት ሥራ ነው። ተፈትቶ በድስት ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲሞቅ በመመሪያው በተጻፈው ዲግሪ መከፈት አለበት፤ ካልተከፈተ ይለወጣል።

እዚህ ላይ ከፍታው አይረሳ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩም ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። ለባሕር ጠለል የተመረጠ ኤሊካ የገጠመ፣ ሰውም ከልክ በላይ የጫነ ጀልባ ሞተሩን ያለ ዕረፍት ያስጨንቀዋል። መድኃኒቱ ለከፍታው የሚስማማ ጠበብ ያለ ጥምዝ ያለው ኤሊካ መግጠምና ጭነትን መቀነስ ነው።

የዘይቱ ጩኸት ከሆነ ባለ አራት ምት ሞተር ወዲያው ይጠፋል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ መለኪያው ወጥቶ ይታያል። ከጎደለ ይሞላል፤ ሞልቶ ጩኸቱ ካልተወ ግን ማስነሣት ክልክል ነው። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታልና ጉዞው እዚያ ያበቃል። ዘይቱን ከተለየ ጋን የሚስብ ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ጋኑ ሲጎድል ይጮሃል። ዘይቱን ከቤንዚን ጋር በእጅ የሚያቀላቅሉት ትንንሾቹ ሞተሮች ግን ብዙዎቹ ይህ ማስጠንቀቂያ የላቸውም፤ የእነርሱ ጠባቂ የቀላቃዩ እጅ ነው። የዘይቱ ዓይነትም ይለያል። ለሁለት ምት የጀልባ ሞተር ቲሲ-ደብሊው 3፣ ለአራት ምት ኤፍሲ-ደብሊው የሚል ምልክት ያለው ይፈለጋል። በመኪና ወይም በሞተር ብስክሌት ዘይት መቆጠብ ቁጠባ አይደለም።

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ውሃውና ዘይቱ ደህና ሆኖ የሙቀቱ ምልክት አሁንም የሚጮህ ከሆነ ጥፋቱ ከጠቋሚው ወይም ከሽቦው ነው። በባለ አንድ ሽቦ ጠቋሚ ላይ ሽቦው ለጊዜው ይነቀላል። ዝም ካለ ጠቋሚው ተጣብቋል፤ ካላለ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል። ምርመራው እንዳለቀ ሽቦው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በመንቀልና በመቁረጥ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ጥፋቱ የነጂው ብቻ ነው?

አንዳንድ ባለንብረቶች ነጂ ሞተር እንዲነካ አይወዱም፤ «ሳያውቅ ነክቶ ያባብሰዋል» ይላሉ። ስጋቱ መሠረት አለው። ቴስታታ መፍታት፣ የዘይት ግፊት ማጣትን መመርመርና የኤሌክትሮኒክስ ሥራ የመካኒክ ናቸው። ነገር ግን ወንፊት ማጽዳትና ዘይት መለካት ጋራዥ አይጠብቅም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ በሐይቁ መካከል ተሳፋሪ ይዞ የቆመ ጀልባ መካኒክ አይደርስለትም።

ነጂው በምልልስ ብዛት ብቻ የሚከፈለው፣ ሞተር አጥፍቶ የቆመበት ሰዓትም ከኪሱ የሚቆረጥ ከሆነ ሽቦውን በፒንሳ የሚቆርጠው እርሱ ቢሆንም ፒንሳውን ያቀበለው ባለንብረቱ ነው። ጩኸት ሰምቶ ያቆመ ነጂ ቀኑ ሊከፈለው ይገባል። በጀልባው ላይም የፓምፕ ጎማ፣ ቴርሞስታት፣ ፊውዝ፣ ትክክለኛው ዘይት፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና መቅዘፊያ መኖር አለባቸው። የአምራቹ መመሪያም በባለንብረቱ ቤት መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን በጀልባው ላይ ይቀመጥ፤ የጩኸቱ ዓይነት ከሞተር ሞተር ይለያያልና።

ያገለገለ ሞተር ለሚገዛና ለሚያሻሽጥም ይህ ትምህርት ነው። ቀለሙ ገዢን ያታልላል። በቁልፍ የሚነሣ ሞተር ቁልፉ ሲከፈት መጮህ ሲገባው ዝም ካለ ደላላው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ሽፋኑ ይነሣና ሽቦው ይታይ። የተቆረጠ ሽቦ የተገኘበት ሞተር ስንት ጊዜ እንደጋለ የሚመሰክርለት የለም፤ ዋጋውም ያንን ታሳቢ ማድረግ አለበት። ሽቦው ያልተነካ፣ ውሃው በደንብ የሚፈስ ሞተር ግን ጥቂት ቢወደድም ይሻላል። የሚጮህ ሞተር ባለቤቱን አንድ ምልልስ ቢያስቀርበት ነው፤ አፉ የተዘጋው ግን ሞተሩን ራሱን ያስከፍለዋል።