ጫጩት ለሰጠ ሁሉ መረብም ይጨምር

የወለጋ ጭላት ማለዳ አይቸኩልም። ፀሐይ ምድሩን እስክታሞቅ፣ ሞቃቱ አየር ሽቅብ መውጣት እስኪጀምር ዛፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ረፋድ ላይ ግን ክንፉን ሳያርገበግብ ከየግቢው በላይ ይንሳፈፋል። ሰዓቱ እናት ገበያ ወይም ማሳ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የዋሉበት ነው። እናት ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ከአጥሩ ጥግ ወደ ግቢው መሃል ትወጣለች። ቤት የቀረ ሕፃን ካለ «ጩሉሌ! ጩሉሌ!» እያለ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ሲሰማ ግን ጭላቱ ጫጩቷን ይዞ ከባሕር ዛፉ በላይ ሆኗል።

ነቀምትም ኡኬም ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። የሚያስቆጨኝ ነገሩን እንደ በረዶና እንደ መብረቅ ከሰማይ የመጣ፣ ሰው የማይመልሰው አድርገን መቀበላችን ነው። ይመለሳል። መመለሻውም ከጫጩቶቹ በላይ የሚወጠር መረብ ነው።

ስለ መንደር ዶሮ በአገራችን የተጻፉ ጥናቶች ደጋግመው የሚጠቅሱት አንድ ነገር አለ። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ያልቃሉ፤ ዋናዎቹ ምክንያቶችም በሽታና አዳኝ እንስሳት ናቸው። ከበሽታው ግንባር ቀደም የሆነው ፈንግል ክትባት አለው። ለአዳኙ ግን የምናዘው ጩኸት ብቻ ነው። የአገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። ከዚያ ላይ አሥራ ሁለት ያህሉን ታቅፋ 21 ቀን ትቀመጣለች፤ ከፈለፈለችም በኋላ ጫጩቶቿን እስክታሳድግ ድረስ እንቁላል አትጥልም። ስለዚህ ጭላት አምስት ጫጩት ሲወስድ ቤቱ ያጣው አምስት ጫጩት ብቻ አይደለም፤ የታቀፈችበትንና ያሳደገችበትን ጊዜ ሁሉ ነው። ይህ ኪሳራ በአብዛኛው የሚያርፈው በሴቶች ላይ ነው፤ ጨው፣ ሳሙናና ደብተር የሚገዛው ከዶሮና ከእንቁላል በሚገኝ ገንዘብ ነውና። ባለፉት ዓመታት በወለጋ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል፤ ከብቱን አጥቶ ወደ ባዶ ግቢ የተመለሰው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት እንደገና ሲነሣ በበሬ አይጀምርም፤ በአንዲት ዶሮ ነው የሚጀምረው።

ደግሞ የሆሮን ዶሮ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2008 የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ከዚሁ ከእኛ ሆሮ የተገኘውን ዝርያ ይዘው በእንቁላል ብዛትና በክብደት እየመረጡ ማሻሻል ጀመሩ። ትውልድ በትውልድ ላይ እየተመረጠ የተገኘው ውጤት በአገር ዶሮ ላይ ያለኝን እምነት አጽንቶታል። በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ዶሮን በየቤቱ ለማስገባት ብዙ ደክሟል። ለአርሶ አደሩ የሚታደለው በአብዛኛው የ45 ቀን ጫጩት ነው፤ በማሞቂያ ቤት ውስጥ፣ ያለ እናት ያደገ። የእናት መኖር ቀላል ነገር አይደለም፤ ያደገች ዶሮ አደጋው ከየት እንደሚመጣ ትለያለች። ተመራማሪዎቹ እነ ክሪስ ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት አውራ ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣ አዳኝ የሚያሰማውን ድምፅና በምድር ለሚመጣው የሚያሰማውን ድምፅ ቀድተው ለሴት ዶሮዎች አሰሟቸው። ሰማዩን የሚያመለክተውን ሲሰሙ ወደ መጠለያ ሮጡ፣ ዝቅ አሉ፣ ቀና ብለው አዩ፤ የምድሩን ሲሰሙ ግን አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ቆሙ። የ45 ቀኑ ጫጩት ግን ገላጣ ግቢ ላይ ሲለቀቅ ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው፣ ክንፍ የሚዘረጋለት እናት የለውም። ያን ሁሉ የምርምር ድካም አምጥተን ለጭላት ዓይን ክፍት በሆነ ግቢ ውስጥ እንጥለዋለን።

ከላይ የሚወጠረው የመረብ ጣሪያ ውድ መሆን የለበትም። ለጫጩት ብቻ ከሆነ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ሁለት ሰው አንሥቶ የሚያዛውረው የሽመል ወይም የቀጭን ባሕር ዛፍ ፍሬም ይበቃል። ላዩም ጎኑም በዶሮ ሽቦ ይሸፈናል፤ የሽቦው ዋጋ ከከበደ የሽንኩርት ጆንያ ተተርትሮና እርስ በርሱ ተሰፍቶ ይሠራል። ኡኬ ያለች አንዲት ዘመዴ ቤት ያየሁት እንዲህ ያለውን ነው፤ ማንጎው ሥር ተቀምጦ፣ ውስጡ እናት ዶሮዋ ከነጫጩቶቿ አፈር ትጭራለች። ፍሬሙ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቦታ ስለሚቀየር ጫጩቶቹ አዲስ ሣር ያገኛሉ፤ ኩስ በአንድ ቦታ ስለማይከማች የአንጀት በሽታም ይቀንሳል። ላስቲክ ግን አልመክርም። የእኛ ክረምት ላስቲኩ ላይ ውኃ ይሞላበትና ያረግበዋል፤ መረብ ዝናቡን ያሳልፋል። ለዝናብ መጠለያ በአንድ ጥግ ቆርቆሮ ወይም ሣር ማልበስ ይበቃል። ሲባጎ ብቻ አራርቆ መወጠር ጭላቱን ለጥቂት ቀናት ቢያስደነግጠውም ይለምደዋል።

ለትልልቅ ዶሮዎች ቋሚ ግቢ የሚሠራ ሰው ከጭላት በፊት ከምስጥ ጋር ይገናኛል። መንዲና ነጆ አካባቢ ያለ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ደረቅ ምሰሶ እዚያ ዕድሜ የለውም። ለዚህ የምወደው መልስ ወለጋ ውስጥ አጥር የሚታጠርበት ኮርች ነው፤ ዋሌንሱ የምንለው። እርጥብ ግንዱ ተቆርጦ ሲተከል ሥር ይሰድዳል፤ ሕያው ምሰሶ ሆኖ መረቡን ይሸከማል። መረቡ ግን ጥብቅ ብሎ ከዶሮዋ ራስ በደንብ ከፍ ማለት አለበት፤ ከረገበ ጭላቱ ላዩ ላይ አርፎ ጥፍሩን በቀዳዳው ያስገባል።

መረብ ውስጥ የዋለች ዶሮ ከጓሮ የምትለቅመው ስለሚቀንስ መመገብ አለባት። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። መኖ ግን አይጠፋም፤ የበቆሎ ክክና የኑግ ፋጉሎ እዚህ ይገኛሉ። ምስጡም ያገለግላል፤ አሮጌ ማሰሮ እርጥብ ገለባና እበት ሞልቶ በኩይሳው ላይ ቢደፉት ምስጥ ይገባበታል፤ ለጫጩት ከዚያ የተሻለ ሥጋ የለም። ሁለት ወር ሞልቷቸው ሰውነታቸው ሲጠነክር ይለቀቃሉ። ጭላት ራሱ አንድ ኪሎ የማይሞላ ወፍ ነው፤ ያደገች ዶሮ ተሸክሞ አይበርም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፤ አጎበር ለዶሮ አይወጠር። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ የእኛ ቆላማ ቀበሌዎችም ከተጎዱት መካከል ናቸው። ሰው የሚተኛበት አጎበር ከአልጋው አይውረድ።

መርዝም አይጣል። መርዝ የተቀባ ሥጋ ጭላቱን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ውሻውን፣ ድመቱን፣ ጥንብ አንሣውን ይዞ ይሄዳል። ከመንገድ ዳር እንጨት ላይ ቆሞ የምናየው ባለ ቀይ ጅራቱ ጭልፊት አይጥና ፍልፈል እየለቀመ ለማሳችን የሚሠራ ነው፤ ከሩቅ ግን ከሌላው አንለየውም። የዱር እንስሳት ሕግም ያለ ፈቃድ መግደልን ይከለክላል። ጭላቱ የራሱን ኑሮ ይኑር፤ የእኛ ሥራ ጫጩቱን መሸፈን ነው።

ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የምለው ይህ ነው፤ ጫጩት በምታድሉበት ቀን መረብም አድሉ። አሥር ጫጩት የሚወስድ ቤት ጥቂት ሜትር መረብ አብሮ ይውሰድ። ፍሬሙን የየከተማው የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ይሥሩት፤ እነሱም ሙያቸውን ይለማመዱበታል። የልማት ሠራተኛውም ቤት ለቤት ሲዞር ስለ ክትባቱ እንደሚጠይቅ ሁሉ «ሽፋኑ የታል?» ብሎ ይጠይቅ። ጊዜውም ይታሰብበት። ክረምቱን ሁሉ ጫጩት የሚደበቅበት በቆሎ በጓሮ አለ፤ ከታጨደ በኋላ ግን ምድሩ ገላጣ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ጭላቶች መጥተው ከእኛዎቹ ጋር ተደባልቀዋል። ስለዚህ መረቡ መወጠር ያለበት በጥቅምት፣ በቆሎው ሳይታጨድ ነው።