የጨጓራ ባክቴሪያና የደም ምርመራው

በአዲስ አበባ ብዙ ክሊኒኮች፣ ሆዱን የሚያቃጥለው ሰው ጥቂት ደም ሰጥቶ «ባክቴሪያ አለብህ» ተብሎ ከአንቲባዮቲክ ጋር የሚሸኝበት አሠራር፣ ፈጣንና ርካሽ ስለሆነ ብቻ ጸንቶ ኖሯል። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ተህዋስ የጨጓራ ቁስለትና የጨጓራ ካንሰር መንስኤ መሆኑ፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያ በላቦራቶሪ ካራቡትና ለዚሁ ሥራቸው በ2005 የኖቤል ሽልማት ካገኙ ወዲህ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው መኖሩ የሚረጋገጥበት መንገድ ነው።

በደም የሚፈለገው ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ወራሪውን ለመዋጋት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፤ ይህም ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ ምርመራው ያለፈን ሕመም ከዛሬው መለየት አይችልም። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ወጥቶ የሰነበተም ሆነ የታዘዘለትን መድኃኒት የጨረሰ ሰው፣ መዳኑን ለማወቅ ይህንኑ ምርመራ ቢደግም ውጤቱ አሁንም «አለብህ» ሊለው ይችላል፤ ስለዚህ በጸበሉ የተማመነውም በመድኃኒቱ የተማመነውም ለጥያቄው እውነተኛ መልስ ሳያገኝ፣ ምናልባትም የማያስፈልገውን አንቲባዮቲክ ተሸክሞ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ብክነት ቀላል አይደለም፤ ያለ አግባብ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል፤ ከዋናዎቹ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ክላሪትሮማይሲን የማይበግረው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዝርዝር አዳዲስ አንቲባዮቲክ በከፍተኛ ቅድሚያ ከሚፈለግላቸው ተህዋስያን መካከል ተመድቦ ነበር።

የአሠራሩ ደጋፊዎች፣ ባክቴሪያው በኢትዮጵያ እጅግ የተሠራጨ ስለሆነ የደም ውጤት ብዙ ጊዜ እውነት ይሆናል ይላሉ። ከዚህ በፊት ታክሞ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ከፊል እውነት አለው፤ ይሁንና ተሸካሚ መሆን ብቻውን የሕመሙን መንስኤ አያረጋግጥም፣ ምክንያቱም ባክቴሪያውን ከተሸከሙት አብዛኞቹ ቁስለት ሳይዛቸው ይኖራሉ። በአንጻሩ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ የባክቴሪያውን የራሱን አካል በሰገራ ውስጥ ስለሚፈልግ ዛሬ ስላለው ሁኔታ ይናገራል፤ ውስብስብ መሣሪያም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ከምርመራው በፊት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን ለሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን ደግሞ ለአራት ሳምንት ያህል በሐኪም ምክር ማቋረጥ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱን የጨረሰ ሕመምተኛ ከአራት ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ እንዲታዘዝለት ይጠይቅ፤ ክብደቱ ያለ ምክንያት የቀነሰ፣ ደም የሚያስታውክ ወይም ሰገራው የጠቆረ ሰው ግን የዚህን ምርመራ ውጤት ሳይጠብቅ፣ ጨጓራው በካሜራ የሚታይበትን የኢንዶስኮፒ ምርመራ ለማግኘት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።