ቃል አንቁጠር፣ ቀን እንቁጠር

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፤ «ልቦለዱ የት ደረሰ?» ላላችሁኝ መልሱ ይኸው።

ኅዳርን ሙሉ ከሦስት ጸሐፊ ጓደኞቼ ጋር በ30 ቀን ልቦለድ የመጻፍ ቻሌንጅ ገብተን ነበር። ነገሩን በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 21 ሰዎች ናቸው የጀመሩት። ግቡ 50,000 ቃል ነው፤ በቀን 1,667 ገደማ። እኛም ቁጥሩን እንዳለ ወሰድነው። ስህተታችን እሱ ነው።

እንግሊዝኛ በአምስት ቃል የሚለውን አማርኛ «አልነገርኳቸውም» ብሎ በአንድ ቃል ይገላገለዋል። ስለዚህ በአማርኛ 50,000 መሙላት ከነሱ በጣም የረዘመ ታሪክ መጻፍ ነው። እኔ ቁጥር ላሟላ «ይሁን እንጂ»ን እየደረደርኩ ወጡን በውሃ ሳቀጥን ከረምኩ። ከሁላችንም ጎበዟ ደግሞ በ11ኛው ቀን «ሰነፍ ነኝ» ብላ ተወችው። ያቆመችበትን ምዕራፍ አንብቤዋለሁ፤ እኔ ከሞላሁት 31,000 ቃል ሁሉ ይሻላል። ያኔ ዝም ማለቴ ይቆጨኛል።

ቻሌንጁን አልጠላሁትም። ለዓመታት «ጊዜ ሳገኝ» ስል የኖርኩትን ልቦለድ ያስጀመረኝ እሱ ነው። ለከርሞ ግን ቀን እንቁጠር፦ 30 ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ መጻፍ። በቃ።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ ምዕራፉን ቀጥይው። ሌሎቻችሁስ፣ ማን አብሮን ይገባል?