ባዶ ቀለሃም ቢሆን ሻንጣሽ ውስጥ አይግባ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዒላማ ተኩስ የተከበረ ስፖርት ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ የመጀመሪያዋን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ፣ በሼክ አሕመድ ቢን ሐሸር አል ማክቱም ተኩስ ነበር፤ ያውም ወርቅ። ስለዚህ በምንሠራበት ቤት ተኳሽ ቢኖር አይገርምም። ልብስ ልናጥብ ኪስ ስንፈትሽ ወይም መኪና ስናጸዳ ቀለሃ ብናገኝም እንዲሁ።

ለዒላማ የሚተኩሱ ሰዎች የነሐስ ቀለሃ ይሻላል ወይስ የብረት እያሉ ይከራከራሉ። ነሐሱ ከመዳብና ከዚንክ የሚሠራ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን እንደ ብረት አይዝግም፣ ከተተኮሰም በኋላ እንደገና ሊሞላ ይችላል። ብረቱ ርካሽ ነው፤ እንዳይዝግ ይቀባል፣ አብዛኛውን ጊዜም አንዴ ተተኩሶ ይጣላል። ወጪ የሚቆጥብ ብረቱን፣ ቀለሃውን መልሶ የሚሞላ ነሐሱን ይመርጣል። ይህ የእነሱ ሒሳብ ነው።

የእኛ ሒሳብ ሌላ ነው። እኛን የሚያታልለን ነሐሱ ነው፤ ምክንያቱም ያምራል። ብረቱን ዐይተን እናልፈዋለን። ነሐሱ ግን ወርቅ መስሎ ያብለጨልጫል። የቤቱ ልጆች «ያንቺ ይሁን» ብለው ይሰጡናል። ለወንድሜ የቁልፍ መያዣ ይሆነዋል ብለን ሻንጣችን ጥግ እንወሽቀዋለን። «ባዶ ነው፣ ምን ያደርጋል?» እንላለን።

ኤርፖርት ላይ ግን መፈተሻው ማሽን የሚያሳየው የጥይት ቅርጽ ነው። ሻንጣ ይከፈታል፣ ፖሊስ ሊጠራ ይችላል፤ በቅጡ በማንችለው ቋንቋ ከየት እንዳመጣነው እንጠየቃለን። በነጻ ብንለቀቅ እንኳ አውሮፕላኑ ቆሞ አይጠብቀንም። የትኬቱንስ ገንዘብ ማን ይመልሳል?

ከፊሊፒናውያን እንማር። እ.ኤ.አ. በ2015 በማኒላ ኤርፖርት ሻንጣቸው ውስጥ ጥይት ተገኘ የተባሉ መንገደኞች ተያዙ፤ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱም ነበሩባቸው። ብዙዎች «የእኔ አይደለም፣ ሰው ከቶብኝ ነው» አሉ። ጥይትን እንደ ክታብ ይዘው የሚጓዙ ሰዎች መኖራቸውም ተነገረ። ነገሩ አገር አነጋገረ፤ መንገደኞችም ሻንጣቸውን በፕላስቲክ ይጠቀልሉ ጀመር። ይህ ሁሉ ጣጣ በአንዲት ፍሬ ጥይት የመጣ ነው።

«ይህን ያህል ማስፈራራት ለምን አስፈለገ?» የምትል እኅት ትኖር ይሆናል። ሒሳቡን ታስላው። ሳትያዝ ብታልፍ ትርፏ አንድ የቁልፍ መያዣ ነው። ብትያዝ ግን የሁለት ዓመት ልፋቷን ይዛ ልትገባ ባለችበት ቀን ነው።

ስለዚህ ቤት ስታጸጂ ጥይት ወይም ቀለሃ ካገኘሽ አታንሺው፤ ማዳምን ጠርተሽ አሳያት። ልጆቹ ከሰጡሽ አመስግነሽ መልሺ። አሠሪዎችሽ ያገለገለ ጃኬት ወይም ቦርሳ ከሰጡሽ፣ ኪሱን ሁሉ ገልብጠሽ ሳታዪ አትክተቺው። ሻንጣሽን ራስሽ ሸክፊ፤ «ለእናቴ አድርሺልኝ» ተብሎ የተሰጠሽንም ዕቃ ከፍተሽ እዪ። ይሉኝታ ኤርፖርት ላይ አያድንም።

ኤጀንሲዎችና ከጉዞ በፊት ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎችም ይህን ቢናገሩ መልካም ነው። ስለ ምድጃና ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚነገረን ያህል ስለ ሻንጣችንም ይነገረን። ለተኳሹ ነሐስና ብረት ልዩነት አላቸው፤ ወደ አገሯ ለምትገባ እኅት ግን ሁለቱም ያው ናቸው።