የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዕቃ በብሎን ልክ ብቻ አይገዛ

ነጋዴ ለሸቀጡ ሚዛን እጅግ ይጠነቀቃል፤ ለሚጓዝበት መኪና ዕቃ ሲገዛ ግን «ይገጥማል ወይስ አይገጥምም?» ከማለት በቀር ብዙ ጊዜ ሌላ አይጠይቅም። ይህ ልማድ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያጠፋ ለማስረዳት፥ በእኛ ላይ የደረሰውን ለተከበሩት አንባቢዎች ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ጸሐፊ ሆኜ የማገለግላቸው የቢቸና የጤፍ ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱበት ኦቶማቲክ መኪና አላቸው። ባለፈው ዓመት ቶርክ ኮንቨርተሩ ተበላሽቶ በሌላ ተለወጠ። ሻጩም «ብሎኑ ይገጥማል፤ አነሣሡም ከቀድሞው ይበልጣል» አለን። በእውነትም መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ፈጣን ሆነ። ነገር ግን በሰላሌ ሜዳ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ ከወትሮው አብልጦ ይጮኽ፥ ነዳጅም ይፈጅ ጀመር፤ ሲመለስም የዓባይን በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ የካምቢዮው ዘይት ተቃጥሎ ሸተተ።

ቶርክ ኮንቨርተር በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ተቀምጦ የፍሪሲዮንን ሥራ የሚሠራ ዕቃ ነው። መሠረቱ ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር በ1905 እ.ኤ.አ. ለመርከብ የፈለሰፈው ነው። በሞተሩ የሚዞረው ክንፍ ዘይቱን ገፍቶ ሁለተኛውን ክንፍ ያዞራል፤ በመካከል ያለው ሦስተኛው ክንፍ የዘይቱን አቅጣጫ እየመለሰ፥ መኪናው ሲነሣ የማዞሪያውን ጉልበት ወደ ሁለት እጥፍ ያደርሰዋል። ላላ ያለው ዐይነት ሞተሩ ብዙ ዙር እስኪያገኝ ድረስ ስለማይዝ ለመነሻ ይረዳል። እንደ ቢቸና 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር አየሩ ስስ በመሆኑ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣልና ይህ ዐይነት ገዢውን ቢማርከው አያስደንቅም።

በፈጣን ጉዞ ጊዜ ግን የመነሻው ትርፍ ቀርቶ መንሸራተቱ ብቻ ይተርፋል። ለምሳሌ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር የካምቢዮው ዘንግ 2,700 ጊዜ ቢዞር፥ ከመቶው 10 እጅ ያህል ኃይል ዘይቱን ለማሞቅ ይጠፋል። ይህን ለማስቀረት ዘመናዊ ኮንቨርተሮች በፈጣን ጉዞ ሁለቱን ወገን አንድ አድርጎ የሚያስር ፍሪሲዮን በውስጣቸው አላቸው። የእኛው ለሌላ ሞተር የተሠራ፥ ይህም ማሰሪያ የሌለው መሆኑን ካምቢዮው ሲፈታ ዐወቅን። ደረሰኙን ከፋይል ባወጣው «ኮንቨርተር 1» ከሚል በቀር የዕቃው ቁጥር አልተጻፈበትም፤ ስለዚህ ገንዘባችንን ለማስመለስ ማስረጃ አጣን።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፥ በእጃችን ያሉትን እየጠገንን መኖር ግድ ሆኖብናል። ስለዚህ አስመጪዎች የፋብሪካውን ቁጥርና ዕቃው የተሠራለትን ሞተር በደረሰኝ ላይ ይጻፉ፤ ባለሱቆችም ያለዚህ አይረከቡ፤ ገዢውም የአሮጌውን ዕቃ ቁጥር ይዞ ይቅረብ። «ገዢው የሚፈልገው ርካሹን ነው» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ቁጥር መጻፍ ግን የቀለም ዋጋ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም፤ ካምቢዮ ሁለት ጊዜ ማስፈታት ግን ምን ያህል እንደሚያስወጣ የእኛ መዝገብ ይመሰክራል።