ታርጋው ተይዞ ይግባኝ እንዴት ይባላል?

በዚህች ቡለቲን ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፈተና፣ ስለ ፍቅርና ተመርቆ ሥራ ስለማጣት ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንዲት ቪትዝ መኪናና ስለ ሁለት ብሎን ልጻፍላችሁ። የአካውንቲንግ ተማሪ ስለ ብሎን ምን አገባው እንዳትሉኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሂሳብ ነው።

መኪናዋ የአክስቴ ናት። አክስቴ ጀሞ አካባቢ አነስተኛ የባልትና ሥራ አላት፤ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ አዘጋጅታ ለሱቆች ታከፋፍላለች። እኔ የማታ ተማሪ ስለሆንኩ ጠዋት ጠዋት ዕቃውን ወደ መካኒሳ፣ ጎፋና ሳሪስ የማደርሰው እኔ ነኝ። በምትኩ የኮሌጅ ክፍያዬን ግማሹን እሷ ትችልልኛለች። ስለዚህ ያቺ ቪትዝ ቆመች ማለት የአክስቴ ገበያ ብቻ ሳይሆን የእኔም ትምህርት ቆመ ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ማክሰኞ ቀን ነበር፣ ዕቃ ጭኜ ሳሪስ ደረስኩ። የሳሪስን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቃሊቲ የሚመጣው ከባድ መኪና፣ ታክሲው፣ አውቶብሱ፣ በሸክም የሚያልፈው ሰው ሁሉ እዚያች አስፋልት ላይ ነው የሚገናኘው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ መኪኖች ተደርድረው አየሁ። ሰደርያ የለበሰ የፓርኪንግ ልጅ ወደ ባዶዋ ቦታ በእጁ ጠቆመኝ፤ አቆምኩ። ኩፖን ቆርጦ ሰጠኝ፤ ከፈልኩ። ሁለት ሱቅ አድርሼ ስመለስ የፊት ታርጋዋ የለም! መጥረጊያው ሥር ወረቀት ተሰክቷል። ጥፋቱ፣ በተከለከለ ቦታ ማቆም።

ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። "ወንድሜ፣ አንተ አይደለህ እንዴ እዚህ አቁም ያልከኝ?"

"የእኛ ድርሻ እስከዚያኛው መኪና ድረስ ነው" አለኝ ከእኔ በፊት ያለችውን ኮሮላ እያሳየኝ።

"ታዲያ ለምን ኩፖን ቆረጥክልኝ?"

ትንሽ ዝም አለና "ትናንት እስከዚህ ነበር" አለኝ።

ምልክት ፈለግኩ፤ የለም። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ድሮ ቢጫ ቀለም የነበረ የሚመስል ነገር አለ፤ ጭቃው ሸፍኖታል። በሞባይሌ ፎቶ አነሳሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ደብቄ ባልፍ ጽሑፌ የአንድ ወገን ጩኸት ይሆናል። ፎቶውን ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ሳየው የኋላ ጎማዋ እግረኛው መንገድ ላይ ወጥቷል። ብዙ አይደለም፣ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ነገር ግን በዚያች ክንድ ምክንያት ልጅ ያዘለች እናት ወደ አስፋልቱ ወርዳ ልታልፍ ትችላለች። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን እሱ አይደለም። የተጻፈብኝ ስለ ቦታው ነው፤ በቦታው ጉዳይ ደግሞ ኩፖን በእጄ አለ።

ለአክስቴ ደወልኩላት።

"ክፈልና ና" አለችኝ። "የለቡ ሰዎች ይጠብቃሉ።"

"አክስቴ፣ እኮ አላጠፋሁም! ኩፖን ቆርጠውልኝ ነው የቆምኩት።"

"አጥፍተሃል አልወጣኝም ልጄ። ክፈልና ና ነው ያልኩህ።"

ቅጣት ወደሚከፈልበት መስኮት ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነው። ተራዬ ሲደርስ፣ "እህቴ፣ ይሄን ነገር መቃወም ፈልጌ ነበር" አልኩ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ በትህትና ነው የመለሰችልኝ። ማመልከቻ መጻፍ እችላለሁ፣ ጉዳዩ ይታያል፣ ካልተስማማሁ ፍርድ ቤት መሄድም እችላለሁ። "ታርጋውስ?" አልኳት። "ታርጋውማ ጉዳዩ እስኪያልቅ ይቆያል" አለችኝ።

በቃ፣ ክርክሩ እዚያው አለቀ።

በኮስት አካውንቲንግ ክፍል መምህራችን ደጋግመው የሚሉን ነገር አለ፤ የአንድ ውሳኔ ዋጋ ከኪስ የሚወጣው ብር ብቻ ሳይሆን በዚያ ምክንያት የቀረብን ጥቅም ጭምር ነው። ኦፖርቹኒቲ ኮስት የምንለው ማለት ነው። ቅጣቱ የአንድ ሳምንት የምሳና የታክሲ ወጪዬን ይወስዳል። መቃወሙ ደግሞ በወረቀት ላይ ነጻ ነው። በተግባር ግን ታርጋ የሌላት መኪና አትንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በየቀኑ የዕቃ መኪና ኪራይ፣ ወይም ደግሞ "ሌላ አቅራቢ አገኘን" የሚል ደንበኛ። ሁለት ቀን ይፍጅ ሁለት ሳምንት የሚነግረኝ የለም። እንግዲህ በዚህ ስሌት የማይከፍል ማን ነው? ኪሴ ውስጥ ያለውን ኩፖን እየዳበስኩ ከፈልኩ። ታርጋዬን ተቀበልኩ፣ ሁለቱን ብሎን ከመንገድ ዳር በተዋስኩት ካቻቪቴ አጠበቅኩ፣ ለቡ ደረስኩ። አክስቴ "ጎበዝ" አለችኝ።

ነገሩ በዚሁ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው በሳሪስ ሳልፍ፣ ያው ሰደርያ የለበሰ ልጅ በዚያችው ቦታ ለአንድ ሽማግሌ ኩፖን ሲቆርጥ አየሁት። ስመለስ የሽማግሌው መኪና ታርጋ እየተፈታ ነው። እሳቸው በእጃቸው ወረቀቷን ይዘው "ልጄ፣ እኔ እኮ ከፍዬ ነው" ይላሉ። አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ማስረጃው ሁሉ በእጄ የነበረ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ፎቶም ኩፖንም ነበረኝ። እኔ ዝም ብዬ ስከፍል፣ በመዝገብ ላይ የተጻፈው "በዚያ ቦታ ጥፋተኛ ተገኘ፣ አምኖ ከፈለ" የሚል ነው። ምልክት የለም፣ ቀለሙ ጠፍቷል፣ ወሰኑ በየቀኑ ይቀያየራል የሚል ነገር ማንም ጋ አልደረሰም።

በማግስቱ ማመልከቻ ጽፌ ሄድኩ። ብሩን ልመልስ ብዬ ሳይሆን ቦታው እንዲታይ ነው። የተቀበለኝ ሰው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና "ከፍለሃል እኮ። ከፈልክ ማለት አምነሃል ማለት ነው፤ አሁን ምን ልታይ ነው የመጣኸው?" አለኝ። እንደ ሕጉ አነጋገር አልተሳሳተም ይሆናል።

ይህን ይዤ ወደ ቢዝነስ ሎው መምህራችን ሄድኩ። ገና ከአፌ ሳይወጣ አረሙኝ። "ይግባኝ አትበል፤ ይግባኝ የሚባለው ውሳኔ ሲኖር ነው። አንተ እጅ ላይ የነበረው የክስ ወረቀት ነው" አሉኝ። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሁላችንም "ተቀጣሁ" ነው የምንለው፤ ወረቀቷን ስናይ ፍርድ የተሰጠ ይመስለናል። ወረቀቷ ግን አንድ ሰው "አጥፍተሃል" ብሎ ያቀረበብን ክስ ናት። ፍርዱን የምንሰጠው ስንከፍል እኛው ራሳችን ነን።

ሕጉማ ምንም አልጎደለውም። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠርና ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 37 ደግሞ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ይሰጣል። የአዲስ አበባ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ የደንብ መተላለፍ ጉዳዮችን እንዲያዩ ለከተማዋ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሰጥቷል። የትራፊክ ቁጥጥር ደንቡ፣ ቁጥር 208/2003፣ በየቦታው ተጠቅሶ ሰምታችሁታል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ደንብ ቁጥር 557/2016 ወጥቶ ቅጣቱ ከፍ ብሏል። ቅጣቱ ሲጨምር የመከራከሪያው መንገድም አብሮ መስፋት ነበረበት ባይ ነኝ። በር ተሠርቶልናል፤ ነገር ግን በሩን ለማንኳኳት መጀመሪያ እንጀራችንን መያዣ እንድናስቀምጥ እንጠየቃለን።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። የክፍሌ ልጅ፣ አባቱ ጡረታ የወጡ ትራፊክ ናቸው፣ ይህን ረቂቅ አንብቦ ተቆጣኝ። "ታርጋ ካልተያዘ ማን ይከፍላል? ሰዉን አታውቀውም እንዴ! ድርብ አቁሞ ቡና ሊጠጣ የሚገባ ሰው ነው ያለው" አለኝ። እውነቱን ነው። ጎፋ ማዞሪያ ላይ ድርብ ከቆመ መኪና ጀርባ ተዘግቶበት ያልተሳደበ ሹፌር ካለ ይምጣ፤ እኔ ራሴ ተሳድቤአለሁ። መንገድ የዘጋ መኪና ይነሳ፣ ይጎተት፣ አልቃወምም። እሱ አደጋን ማስወገድ ነው። ምንም ያልዘጋች መኪናን ታርጋ ፈትቶ እዚያው ትቷት መሄድ ግን መኪናዋን ከተከለከለው ቦታ አያነሳትም፤ እንዲያውም እዚያው ያቆያታል! የእኔዋ ቪትዝ ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ እዚያችው "የተከለከለች" ቦታ ላይ ነው የዋለችው።

የመሰብሰቡ ነገር ከሆነ ደግሞ መንገድ አለ። የመኪናው ባለቤት በታርጋ ቁጥሩ ተመዝግቧል። በየዓመቱ ቦሎ ለማደስ ምርመራ እንሄዳለን፤ ያልተከፈለና ያልተከራከሩበት ቅጣት ያኔ ሊያዝ ይችላል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ መብራትና ውኃ በስልክ የሚከፈልበት ከተማ ውስጥ ብሎን እየፈቱ ብር መሰብሰብ ያረጀ ዘዴ ነው።

ለንደን የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ይህን ሳጫውተው ሳቀብኝ። እነሱ ዘንድ ቅጣቱን የሚጽፈው የአካባቢው ምክር ቤት ነው፤ ወረቀቱ መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ መኪናው በአብዛኛው ይሄዳል። በ14 ቀን ውስጥ የከፈለ ግማሹ ይቀነስለታል። የተቃወመ መጀመሪያ ለምክር ቤቱ ይጽፋል፤ ምክር ቤቱ እምቢ ካለው ከምክር ቤቱ ነጻ ወደሆነ ዳኛ ይግባኝ ይላል፣ ለይግባኙም ክፍያ የለም። የፈረንጅ ነገር ሁሉ ወርቅ ነው ለማለት አይደለም። የግማሹ ቅናሽ ራሱ ማባበያ ነው፤ እስከ ዳኛው ድረስ የሄደ ሰው ቢሸነፍ ሙሉውን ነው የሚከፍለው። የአጎቴ ልጅም አንድ ጊዜ ትክክል ነኝ እያለ ግማሹን ከፍሎ መገላገሉን አልደበቀኝም። ሰው የትም ሰው ነው። ነገር ግን እሱ ያመዛዘነው ግማሽ ቅጣትን ከሙሉ ቅጣት ጋር ነው፤ እኔ ያመዛዘንኩት ቅጣትን ከአክስቴ ገበያ ጋር ነው።

ከተማችን ስለ ማቆሚያ አላሰበችም ማለት አይቻልም። በወሎ ሰፈርና በመገናኛ ወደ ላይ የሚደራረብ ማቆሚያ ተሠርቷል፤ የመስቀል አደባባይ ሲታደስ ከሥሩ ሰፊ ማቆሚያ ተከፍቷል። ያምራሉ። ሳሪስ ላይ ሃያ ኪሎ በርበሬ ለምታወርድ ቪትዝ ግን አይደርሱላትም። ለእሷ የሚያስፈልጋት አንድ ቆርቆሮ ምልክትና ግማሽ ባልዲ ቢጫ ቀለም ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከማቆሜ በፊት ልጁን "ድርሻችሁ እስከ የት ነው?" እለዋለሁ፤ ኮሮላዋን ሳይሆን ግንቡን ወይም የስልክ እንጨቱን እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ። ኩፖኑን አልጥልም። አራቱንም ጎማ ፎቶ አነሳለሁ፤ የኋላውን በተለይ። ወረቀት ከመጣብኝ ደግሞ ሁለት ነገር እለያለሁ፤ ተናድጃለሁ ወይስ አላጠፋሁም? በ2017 ዓ.ም. ግንቦት መካኒሳ ላይ ሌላ ወረቀት መጣብኝ፤ እግረኛ መንገድ ላይ በመውጣት። ወርጄ አየሁ፤ ወጥቻለሁ። ማንንም ሳልጨቃጨቅ በዚያው ቀን ከፈልኩ፣ አላንገበገበኝም።

የሳሪሱ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ለአክስቴ ሌላ ጊዜ በቦታ ጉዳይ ብያዝና ኩፖን በእጄ ቢኖር እንደማልከፍል ነግሬአታለሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሽሮውን እያበጠረች "ስንት ቀን ይፈጃል?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። "እንግዲያው ለለቡ ሰዎች አስቀድመህ ንገራቸው" አለች።

የሳሪሷ ኩፖን ጫፏ ተቀዷል እንጂ ቁጥሯና ቀኗ ይነበባል። የኮስት አካውንቲንግ ደብተሬ ውስጥ ናት። በዚያ ቦታ ተቀጥቶ ሊከራከር የሚሄድ የኮሌጃችን ተማሪ ካለ፣ ከፎቶው ጋር ልሰጠው ፈቃደኛ ነኝ፤ የማታ ክፍል ሦስተኛ ዓመት ብሎ ይጠይቀኝ።